የተደፈነ ሲንክ፣ የተከፈተ ገበያ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቤት የሚያስገነባ ባለሀብት በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ሲከራከር ይውላል፡፡ ስለ ሲንኩ ማስወገጃ ቱቦ ግን አይጠይቅም፡፡ ቱቦው የሚታወሰው ሲደፈን ነው፡፡ ያን ጊዜ አከራይና ተከራይ “ማን ይክፈል?” በሚል ይካሰሳሉ፡፡

ሁለቱ ከተሞች ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ይገኛሉ፡፡ ፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው በቡሬ ነው፡፡ መንገድና ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ምግብ ቤትና የሚከራይ ክፍል አይጠፋም፡፡ የገጠሩ ሰው እጣቢውን ጓሮ ላለው ጌሾ ይደፋል፤ ከተሜው ግን በጠባብ ቱቦ ያሳልፈዋል፡፡ ችግሩም እዚህ ላይ ይጀምራል፡፡

ጎጃም የቅቤና የኑግ አገር ነው፡፡ የኑግ ዘይት በቀላሉ አይረጋም፡፡ ቅቤና ፓልም ዘይት ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባሉት በእነዚህ ከተሞች የሌሊት ቅዝቃዜ ይረጋሉ፡፡ የረጋው ቅባት የቡና አተላ፣ የበርበሬ ፍሬና የእንጀራ ፍርፋሪ እየያዘ ቱቦውን ያጠባል፡፡ የፈላ ውኃ ቢደፋበት ቅባቱ ቀልጦ ፈቀቅ ይላል እንጂ አይጠፋም፤ እጅ በማይደርስበት ቦታ ተመልሶ ይረጋል፡፡

ስለዚህ ጥገናው ከቅርቡ መጀመር አለበት፡፡ ከሲንኩ ሥር ያለው ሲፎን ውኃ ይዞ ሽታ የሚከለክል ነው፤ ቆሻሻም መጀመሪያ የሚጠራቀመው እዚያው ነው፡፡ ባልዲ ከሥሩ አስቀምጦ መፍታት፣ ማጠብና ጎሚኒው ያረጀ ከሆነ መቀየር በአብዛኛው ይበቃል፡፡ ሲፎኑ ጸድቶም ውኃው ከቆመ ችግሩ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ተጣጣፊ ሽቦ ይገባለታል፡፡ ወለል መስበር የመጨረሻው አማራጭ ነው፡፡

ኮስቲክ ሶዳ የሚደፉም አሉ፡፡ ቅባቱን ወደ ሳሙና ይለውጠዋል፤ ነገር ግን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ አሉሚኒየም ይበላል፡፡ በረኪናን ከአሲድ ጋር መቀላቀል ደግሞ ገዳይ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፡፡ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፡፡

ወደ ክፍያው እንመለስ፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በኪራይ ቤት ውስጥ ጥቃቅን ጥገናን ከሌላው ለይቶ ያያል፤ በእርጅና የመጣ ብልሽት የተከራዩ ዕዳ አይደለም፡፡ ሲፎን በቅባት ሲሞላና ቱቦ ተዳፋት ሳይኖረው ሲቀበር ግን ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፡፡ በውሉ ላይ አንድ መስመር ቢጻፍ ኖሮ ደላላው ለሽምግልና ባልተጠራ ነበር፡፡

ነጋዴውን የሚመለከተው የዕቃው ነገር ነው፡፡ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፡፡ ከውጭ ለሚገባ ሲፎንና መገጣጠሚያ ይህ ቀላል ጭማሪ አይደለም፡፡ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ግጭቱ መንገዱን የዘጋባቸው ጊዜያትም ነበሩ፡፡ ዕቃ ሲወደድና ሲዘገይ ደንበኛ ከመቀየር መጠገንን ይመርጣል፡፡ ስለዚህ ሙሉ ሲንክ ብቻ የሚደረድር ሱቅ ጎሚኒ፣ ቴፍሎንና የሲፎን ክዳን ለብቻ ቢሸጥ ገንዘቡ ቶሎ ይመላለስለታል፡፡

ለሚገነባው ምክራችን አጭር ነው፡፡ ለማዕድ ቤት ሲንክ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይጠቀም፤ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ያዘንብለው፤ ማጠፊያው ላይ የሚከፈት ክዳን ይተው፡፡ ምግብ ቤት ከሆነም ከቱቦው በፊት ቅባት የሚያስቀር ሣጥን ያስገባ፤ በየሳምንቱም ያስጠርገው፡፡ ይህ ሁሉ ሲደመር የተሰበረ ወለል መልሶ ከማንጠፍ ይረክሳል፡፡