የጎበጠው ጦር

በማጀቴ ፀሐይ ላይ ከቆመ መኪና ውስጥ የተረሳ የፕላስቲክ ወታደር ጦሩ ጎብጦ ብናገኘው፣ እንዲሁ በእጅ ማቃናት ትርፉ ድካም ነው፤ ተመልሶ ይጎብጣል፣ አለዚያም ይሰበራል። እንዲህ ያለው አሻንጉሊት ከፒቪሲ ሊሠራ ይችላል። ረጃጅም ሞለኪውሎቹ እንደ ልቃቂት ክር የተጠላለፉ ሲሆኑ፣ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ማለስለሻ ከተጨመረበትም ከዚያ በታች፣ መፍታታት ይጀምራሉ። ሙቅ ውኃ ውስጥ ስንነክረው ጦሩ ራሱ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ያዘነብላል፤ የቀረውን በማንኪያ አቃንተን ወዲያው ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ እንከተዋለን፤ ሞለኪውሎቹም ባሉበት ይረጋሉ።

ጠንካራው ፖሊስታይሪን ግን 100 ዲግሪ ገደማ ይሻል። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ውኃ በሸዋ ሮቢት በ96፣ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ አይበቃውም። ይህ ሻማ ለመለኮስ ምክንያት አይሁን፦ ፒቪሲው ከተቃጠለ ሳንባ የሚጎዳ የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ያወጣል።