ጎታች ካይት ሲገዛ መጀመሪያ የሚታየው መልቀቂያው ነው

ለንግድ ወደ ዱባይ የሚመላለስ ሰው ካይት ቢች የሚባለውን የባሕር ዳርቻ በዝና ሳያውቀው አይቀርም። ነፋሱ ሲነሣ ሰማዩ በባለቀለም ጨርቅ ይሞላል፤ ከእያንዳንዱ ጨርቅ ሥር አንድ ሰው በገመድ ተያይዞ ውሃው ላይ ይንሸራተታል። ይህ ሕፃናት በክር ይዘው የሚሮጡት የወረቀት መጫወቻ አይደለም። ፓወር ካይት ይባላል፤ በነፋስ ኃይል ሰው ይጎትታል፣ ሲብስም ከመሬት አንሥቶ ይጥላል።

ለጀማሪ የተሠራ አነስተኛ ካይት አዲሱ በአብዛኛው ከ100 እስከ 300 ዶላር ባለው ክልል ይገኛል። ለባሕር ላይ የሚያገለግለው ትልቁ ግን አዲስ ከሆነ ከ1,000 ዶላር በላይ መጠየቁ የተለመደ ነው። ገዢ የሚሳሳተው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ያገለገለ ትልቅ ካይት በትንሹ ዋጋ ለሽያጭ ሲቀርብ፣ ለነጋዴ ዓይን ጥሩ ግዢ ይመስላል። በአንድ ዋጋ አራት እጥፍ ጨርቅ ማለት ነውና። ይሁን እንጂ በዚህ ዕቃ ላይ ጨርቁ የዋጋው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ሌላው የሚከፈለው ጉተታውን ለማቆም ለሚያስችለው መሣሪያ ነው። አሮጌው ዕቃ የሚጎድለውም ይኸው ነው።

ነገሩን ለመረዳት የነፋስን ጠባይ ማወቅ ያሻል። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ነፋስ ወደ 30 ቢያድግ የካይቱ ጉተታ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ላይ የካይቱ የራሱ ፍጥነት ይታከላል። በአብራሪው አናት ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጸጥ ያለ ነው፤ ሻጭም ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በዚህ ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ በአንድ እጁ ይዞ እየተጨዋወተ ነው። ያው ካይት ወደ ታች ወርዶ ከአብራሪው ፊት ለፊት ያለውን ሰማይ ሲያቋርጥ ግን ፍጥነቱ በነፋሱ ላይ ተደምሮ ጉተታውን ብዙ ጊዜ ያበዛዋል። ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስለሆነም በማሳያው ወቅት ገዢው "እስቲ በፊት ለፊት አሳልፈው" ብሎ መጠየቅ መብቱ ነው።

መጠኑም በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለአዋቂ ጀማሪ ከ2 እስከ 3 ካሬ ሜትር የሆነ፣ በሰዓት ከ12 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ የሚበር ካይት ይበቃል። ነገር ግን ቦርሳው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሁልጊዜ ስፋትን አያመለክትም። አንዳንዱ አምራች ካሬ ሜትር ሲጽፍ ሌላው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርዝመት ይጽፋል። "2.2" የሚል ምልክት ያለው ካይት 2.2 ሜትር ርዝመት ኖሮት ስፋቱ ከዚያ ቁጥር በብዙ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ሳይለዩ ዋጋ ማወዳደር ኪሎን ከሜትር ጋር እንደማወዳደር ነው። ቅርጹን በተመለከተም ረጅምና ቀጭኑ ፈጣንና ቁጡ ሲሆን፣ አጠር ብሎ ሰፋ ያለው ታጋሽ ነው፤ ለጀማሪ የሚበጀው ሁለተኛው ነው።

ወደ አሮጌዎቹ እንመለስ። በአየር የሚነፋውን የባሕር ካይት ያመነጩት ሁለቱ የፈረንሳይ ወንድማማቾች፣ ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኞ፣ የፈጠራ መብታቸውን ያስመዘገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ዕቃው በስፋት ገበያ ላይ የዋለው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩት ካይቶች መሪው ዘንግ ወደ ፊት ቢገፋም ጉልበታቸውን የሚቀንሱት በከፊል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ዘንጉን በመግፋት ብቻ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል የሚያጣ አዲስ ቅርጽ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የአደጋ ጊዜ መልቀቂያውም እየተሻሻለ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት አይኤስኦ 21853 በሚል ቁጥር ለመልቀቂያው መሥፈርት አወጣ። ትልቅ ካይት የሚገዛ ሰው ይህን ቁጥር ቢጠይቅ አያፍርም። ከ2005 በፊት የተሠራውን ግን በነጻ ቢሰጡት እንኳ ለጀማሪ አይሆንም።

ለጀማሪ ከተሠሩት መካከል ባለ ሁለት ገመዱ በዋጋ ይረክሳል። ሆኖም በእጅ አንጓ ላይ በሚጠልቅ ማሰሪያ የሚያዝ በመሆኑ፣ እጅን በመክፈት ብቻ መገላገል አይቻልም። ባለ ሦስት ገመዱ በዘንግ የሚያዝ ሲሆን፣ ዘንጉ ሲለቀቅ ሦስተኛው ገመድ ጨርቁን ያጥፈውና ጉልበቱን ይገድለዋል፤ ኋላ ወደ ባሕር ለመውረድ ላሰበ የሚመረጠው ይህ ነው። ባለ አራት ገመዱ በሁለት እጀታ ይያዛል፤ ሁለቱ ገመዶች ፍሬን ናቸው። እጀታዎቹ ሲለቀቁ ከእጅ አንጓ ጋር የተያያዘው ማሰሪያ ፍሬኑን ስቦ ካይቱን ያወርደዋል። ይህ ማሰሪያ አንዳንድ ጊዜ ለብቻው ስለሚሸጥ፣ ዋጋው ውስጥ መካተቱን ማረጋገጥ ይገባል። የወገብ መታጠቂያ አብሮ ሲቀርብ ግን ጀማሪው ይተወው። ራሱን ከካይቱ ጋር ያሰረ ሰው እጁን ቢከፍትም አይለቀቅም።

ያገለገለ ሲገዛ ምርመራው ብዙ ጊዜ አይወስድም። ጨርቁን በአፍ ላይ አድርጎ እፍ ማለት ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ከሆነ ፀሐይና አሸዋ ጨርሶታል። ገመዶቹን በአንድ ችንካር ላይ አስሮ ወጠር አድርጎ ማስተያየት፤ እኩል መሆን የሚገባቸው ገመዶች ከተበላለጡ ካይቱ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ገመዱ ብዙውን ጊዜ ዳይኔማ ከሚባል ክር ይሠራል፤ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ሲወጠር ሥጋ ይቆርጣል፣ በሙቀት ግን ቶሎ ይቀልጣል። ስለዚህ የሻከረ ወይም ቋጠሮ የበዛበት ገመድ ይቀየራል፤ ወጪው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። መጨረሻ ላይ መልቀቂያው በባዶ ሳይሆን የሰው ክብደት ተንጠልጥሎበት በአንድ እጅ ይሞከር። አሸዋ ገብቶበት የሚያንገራግር ከሆነ ድርድሩ እዚያው ያበቃል።

አምራቾች በየጊዜው አዲስ ሞዴል ስለሚያወጡ ያለፈው ዓመት ምርት፣ ሳይፈታ በቦርሳው እንዳለ፣ ቅናሽ ይደረግበታል። ከአሮጌው ይልቅ ርካሽ ግዢ ሊባል የሚገባው ይኸኛው ነው። ከቅናሹ የሚተርፈው ገንዘብ የነፋስ መለኪያ ይገዛል፤ የሁለት ቀን ትምህርት ቢታከልበት ደግሞ የተሻለ ነው። የሚበርበት ቦታ ሰፊ ሜዳ ወይም ባዶ የባሕር ዳርቻ ይሁን፤ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ሰው፣ መንገድ፣ አጥርና የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌለበት።