«ጫና» ወይስ «ግፊት»? በሕፃናት የላይኛው ኅብለ ሰረሰር ቀዶ ሕክምና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሐሳብ

አንገቱ የደረቀ፣ እግሩም እየዛለ የሄደ ሕፃን ከወልቂጤ ወይም ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ ለሕክምና ሲላክ፣ ወላጆቹ ስለ ሕመሙ የሚሰሙት ቃል ቀጥሎ የሚያደርጉትን ይወስናል። ስለሆነም የስያሜው ጉዳይ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆች ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ ሁለት ቃላት መለየት አለባቸው። «አከርካሪ» አጥንት ነው፤ «ኅብለ ሰረሰር» ግን በአከርካሪው ቦይ ውስጥ ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ ነው፤ የግእዙ «ሐብል»ም ገመድ ማለት ነው። የአንገት አከርካሪዎች 7 ሲሆኑ፣ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ያሉት የአንገት ነርቮች ድያፍራምን ስለሚያዝዙ፣ በዚህ ሥፍራ የሚደርስ ጉዳት አተነፋፈስንም ያውካል። «አከርካሪው ታመመ» ብቻ የተባለ ወላጅ ወለምታ መስሎት ልጁን ወደ ወጌሻ ቢወስድ አያስደንቅም፤ የታመመን አንገት ማሸትና መጠምዘዝ ግን ጉዳቱን ሊያብሰው ይችላል።

ኅብለ ሰረሰሩን የሚጫነው የአጥንት ቲቢ መግል፣ ዕጢ፣ ከልደት የጠበበ ቦይ ወይም የ1ኛውና የ2ኛው አከርካሪ መላላት ሊሆን ይችላል። ይህን ሁኔታ «ግፊት» ብንለው ከደም ግፊት ጋር ይምታታል፤ «ጭቆና» የፖለቲካ ቃል ሆኗል፤ «መጨፍለቅ» ደግሞ ተስፋ ያስቆርጣል። «ጫና» ግን ይስማማል፤ የተጫነ ይራገፋልና። ይሁን እንጂ ጭነት የቆየበት ጀርባ እንደሚቆስል ሁሉ፣ ጫናው ሳይነሣ የቆየ ኅብለ ሰረሰርም ወደ ቀድሞው ላይመለስ ይችላል። በገበያ ቀን የተጫነ አህያ ላየ ሰው ይህን በአማርኛም ሆነ በጉራጌ ቋንቋዎች ማስረዳት አያስቸግርም።

ቀዶ ሐኪሙ ጫናውን የሚያነሣው መግሉን ወይም ዕጢውን በማውጣት፣ ወይም ከአከርካሪው ቅስት የኋላውን ክፍል በመቁረጥ ነው። የሕፃን አጥንት ገና በማደግ ላይ ስለሆነ፣ ብዙ ቅስት ከተቆረጠ አንገቱ እያደር ሊጎብጥ ይችላል፤ በመሆኑም እንደ ሁኔታው ቅስቱ ወደ ቦታው ይመለሳል ወይም አከርካሪዎቹ ይጣመራሉ። በአገራችን የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች ስፔሻሊቲ ሥልጠና እ.ኤ.አ. በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር ስለተጀመረ፣ ቃላቱ ዛሬ የዕለት ሥራ መሣሪያዎች ናቸው።

ስለዚህ የሚከተሉት ይቀርባሉ፦

የኅብለ ሰረሰር ጫና፦ ኅብለ ሰረሰር በአጥንት፣ በመግል ወይም በዕጢ መጠቅጠቅ።
ጫና ማንሣት፦ የሚጠቀጥቀውን ነገር በቀዶ ሕክምና ማስወገድ።
ቅስት ቆረጣ፦ የአከርካሪን ቅስት የኋላ ክፍል ቆርጦ ማውጣት።
ቅስት ምለሳ፦ የተከፈተውን ቅስት ቦዩን አስፍቶ መልሶ ማቆም።