የካርቱም ባቡር ጣቢያና የገበሬው ጭነት

ገበሬ ዓመቱን ሙሉ ደክሞ ያገኘው ሰብል ዋጋ የሚያወጣው ከአውድማው ወጥቶ ከገዢው እጅ ሲደርስ ነው። ስለ ምድር ባቡር ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው የሐዲዱ ርዝመትና የፉርጎው ብዛት ነው፤ ነገር ግን ሐዲድ ገበሬውን የሚጠቅመው በጣቢያው በኩል ብቻ ነው። ጣቢያው ከራቀ፥ መጋዘን ከሌለው፥ መወጣጫውም ለተሸካሚና ለሽማግሌ የማይመች ከሆነ፥ ባቡሩ በፊቱ እያለፈ ገበሬው ግን እንደ ቀድሞው በግመሉና በአህያው ይቀራል። ለዚህ ነገር ግልጽ የሆነ ምሳሌ በጎረቤት አገር በሱዳን፥ በዋና ከተማዋ በካርቱም ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ ማዶ የቀረው ጣቢያ

የሱዳን ምድር ባቡር በመጀመሪያ የተሠራው ለጦር ሥራ ነበር። እንግሊዞች በ1897 ዓ.ም. ከዋዲ ሐልፋ ተነሥተው በረሐውን እያቋረጡ ሐዲዱን ዘረጉ፤ በ1899 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን ባቡሩ ሐልፋያ ደረሰ። ሐልፋያ ግን ዛሬ የካርቱም ሰሜን በሚባለው በኩል፥ ከጥቁር ዓባይ ማዶ ያለ ስፍራ ነው። ስለዚህ ባቡሩ ካርቱም ደረሰ ቢባልም ከተማይቱና ጣቢያው በወንዝ ተለያይተው ነበር።

ይህም ሁኔታ ዐሥር ዓመት ያህል ቆየ። መንገደኛው ከባቡር ወርዶ ወደ ወንዙ ዳር ይሄዳል፤ ዕቃው ከፉርጎ ይራገፋል፥ በጀልባ ይጫናል፥ ማዶ ሲደርስ እንደገና ይራገፋል። ከጎጃምና ከወሎ ተራሮች የሚወርደው የክረምት ጎርፍ ዓባይን በሚሞላበት ወራት ደግሞ መሻገሩ የበለጠ አድካሚ መሆኑ ግልጽ ነው። አንድ ጭነት ሦስት ጊዜ በተነሣና በተጣለ ቁጥር የተሸካሚ ዋጋ ይጨምራል፥ ጆንያ ይቀደዳል፥ እህል ይፈስሳል፤ ይህን ኪሳራ በመጨረሻ የሚሸከመው አምራቹ ነው።

በ1909 ዓ.ም. የጥቁር ዓባይ ድልድይ ሲከፈት ነገሩ ተለወጠ። ባቡሩ ወንዙን ተሻግሮ ከከተማይቱ ገባ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ወደ ዋድ መደኒና ወደ ሰናር፥ ቀጥሎም ነጭ ዓባይን በኮስቲ ተሻግሮ በ1912 ዓ.ም. ኮርዶፋን ውስጥ እስካለው እስከ ኤል ኦቤይድ ድረስ ተዘረጋ። የአትባራና የቀይ ባሕር መስመር አስቀድሞ በ1906 ዓ.ም. ስለ ተከፈተ፥ የኮርዶፋን ምርት ጀልባ ሳያስፈልገው በካርቱም በኩል እስከ ፖርት ሱዳን ወደብ ለመድረስ በቃ።

ሙጫና ጥጥ

ከዚህ ለውጥ ብዙ የተጠቀመው የግራር ሙጫ ነበር። የኮርዶፋን ሰዎች ዝናሙ ካለፈ በኋላ የግራሩን ቅርፊት እየጫሩ የሚለቅሙት ሙጫ ቀድሞ በግመል ወደ ነጭ ዓባይ ዳርቻ ይወርድ፥ ከዚያም በጀልባ ወደ ኦምዱርማን ይሄድ ነበር። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ ኤል ኦቤይድ ትልቅ የሙጫ ገበያ ሆነች። ሆኖም ሙጫ እርጥበት ሲያገኘው ይጣበቃል፥ አቧራና አሸዋ ሲገባበትም ዋጋው ይወድቃል። ስለዚህ ነጋዴውን የሚጠቅመው ባቡሩ ብቻ ሳይሆን ወለሉ ከፍ ያለ፥ ጣራው የማያፈስስ መጋዘንና የታመነ ሚዛን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የገዚራ ጥጥ ነው። የሰናር ግድብ በ1925 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ በሁለቱ ዓባዮች መካከል ያለው ሜዳ በመስኖ ይለማ ጀመር። በዚያም ስፋቱ 610 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ ሐዲድ በእርሻው መካከል ተዘረጋ። ገበሬው ጥጡን በቅርቡ ወዳለው መሰብሰቢያ ያደርሳል፤ ትንሹ ባቡር ወደ መዳመጫው ፋብሪካ ይወስደዋል፤ ከፍሬው ተለይቶና ተጨምቆ የታሰረው ጥጥ ደግሞ 1067 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው በዋናው ሐዲድ ወደ ወደብ ይሄዳል። ጭነቱ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው የተላለፈው ሥራው በሚለወጥበት ስፍራ ስለ ሆነ ከንቱ ድካም አልነበረም። ጣቢያው ወደ ገበሬው የመጣ እንጂ ገበሬው ጣቢያውን ፍለጋ የሄደ አይደለም ማለት ይቻላል።

ጭነቱ ለምን ወደ መኪና ሄደ?

ይህ ሁሉ ግን እንደ ነበረ አልቀጠለም። በ1980 ዓ.ም. ካርቱምን ከፖርት ሱዳን የሚያገናኘው የአስፋልት መንገድ ከተፈጸመ በኋላ ጭነቱ ከባቡር ወደ ከባድ መኪና እየሄደ መጣ። በ1997 ዓ.ም. አሜሪካ የጣለችው ማዕቀብም ከዚያች አገር ለተገዙት ባቡሮች መለዋወጫ ማግኘትን አስቸገረ። የገዚራው ትንሽ ባቡርም ተዳክሞ አገልግሎቱን አቆመ። ከባድ መኪና በኪሎ ሜትር ሲሰላ ከባቡር የሚበልጥ ወጪ አለው፤ ነገር ግን ከመጋዘኑ ደጃፍ ጭኖ ከገዢው ደጃፍ ያራግፋል። የጠበበ የጣቢያ መግቢያና የተጓተተ ጭነት፥ ባቡሩ በረጅሙ መንገድ ላይ ያተረፈውን ሁሉ በጣቢያው በር ላይ ያስከስሩታል።

ስለ ሰውም እንዲሁ ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚቆመውን ባቡር ጎልማሳው ዘሎ ይወጣዋል፤ ሕፃን ያዘለች እናት፥ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ሰው ግን ያለ ደልዳላ መወጣጫ ወደ ሐኪምም ሆነ ወደ ገበያ ሊጓዝ አይችልም። የተባበሩት መንግሥታት በ2006 ዓ.ም. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት የሕዝብ መጓጓዣ ለሁሉ የተመቸ እንዲሆን ያዛል፤ ሱዳን በ2009፥ ኢትዮጵያም በ2010 ዓ.ም. ተቀብለውታል። ጥላና የመጠጥ ውሃም ቢሆን በካርቱም ሙቀት የምቾት ሳይሆን የጤና ጉዳይ ነው።

በእኛም ዘንድ

የካርቱም ትምህርት ለቀይ ባሕር አገሮች እንግዳ አይደለም። ከምፅዋ ተነሥቶ በ1911 ዓ.ም. አሥመራ የገባው የኤርትራ ሐዲድ በ1928 አቆርደት፥ በ1932 ዓ.ም. ቢሻ ደርሶ ቆመ፤ ጥጥ የሚመረትበትን የተሰነይን ሜዳ አልነካም። የሱዳኑ ሐዲድ ደግሞ በ1924 ዓ.ም. ከሰላ ገብቶ ነበር። የኤርትራው ስፋት 950 ሚሊ ሜትር በመሆኑ ሁለቱ ቢገናኙ እንኳ የአንዱ ፉርጎ በሌላው ሐዲድ ሊሄድ አይችልም፤ ሸክሙን ለማገላበጥ በቂ መድረክና መጋዘን ያለው ጣቢያ ያስፈልግ ነበር።

በአዲስ አበባም በ1917 ዓ.ም. የገባው የጅቡቲ ባቡር መጨረሻው ከከተማው መካከል ለገሀር ላይ ነበረ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ፈጣንና ብርቱ ቢሆንም መንገደኛውን የሚቀበለው በከተማው ዳር በለቡ ነው። ወንዝ አይኑርበት እንጂ ሻንጣውን ይዞ ሌላ ተሽከርካሪ የሚፈልገው መንገደኛ የሐልፋያን ጀልባ ያስታውሳል።

በአፕሪል 2023 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት ካርቱምን የውጊያ ሜዳ አድርጓታል፤ የሱዳን ጦር በማርች 2025 ዓ.ም. የከተማይቱን መካከል መልሶ ከያዘ ወዲህ ስለ ማደሷ ይነገራል። ሐዲድና ጣቢያ የሚያድሱ ሹማምንት፥ በካርቱም ይሁን በሌላ አገር፥ ከሐዲዱ ርዝመት አስቀድመው ሊጠይቁ የሚገባቸው ጥቂት ነገር ነው። የጋሪና የመኪና መንገድ እስከ መጫኛው ይደርሳልን? መጋዘኑ ዝናምና እሳት ይከላከላልን? ሚዛኑን ገበሬው ራሱ ማየት ይችላልን? ከብት የሚገባበት ተዳፋት መወጣጫ አለን? ሽማግሌና አካለ ጉዳተኛ ያለ ሰው ሸክም ከባቡሩ ይገባሉን? ለእነዚህ መልስ የተሰጠበት ጣቢያ ትንሽም ቢሆን አገር ያለማል። መልስ ያልተሰጠበት ግን ሕንፃው ምንም ቢያምር፥ ለገበሬው ከወንዝ ማዶ እንደ ቀረ ይቆጠራል።