ለጠባብ የእንጨት ሥራ ክፍል የሚስማማ የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ አመራረጥ

እንደሚታወቀው በጎንደር ከተማም ሆነ በሰሜን ጎንደር ደጋማ ከተሞች በርካታ የእንጨት ባለሙያዎች ሥራቸውን የሚያከናውኑት በሰርቪስ ቤት፣ በመኪና ማቆሚያ ክፍል ወይም በግቢ ጥግ በተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ነው። ቦታው ጠባብ፣ ገንዘቡም ውስን በመሆኑ አንድ መሣሪያ በስሕተት ከተገዛ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የኤሌክትሪክ የማዕዘን መቁረጫ መጋዝ፣ ማለትም በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ከላይ ወደ ታች እየወረደ ጣውላንና ሞራሌን በተፈለገው ማዕዘን የሚቆርጠው መሣሪያ፣ በምን መመዘኛ ሊመረጥ እንደሚገባ እንመለከታለን።

የማዕዘን ነገር

የመስኮት ወይም የሥዕል ፍሬም አራት ማዕዘኖች አሉት፤ እያንዳንዱ ማዕዘን የሚገጠመው በ45 ዲግሪ በተቆረጡ ሁለት ጫፎች በመሆኑ ጠቅላላ ቆረጣው ስምንት ነው። መጋዙ በእያንዳንዱ ቆረጣ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ስምንቱ ስሕተቶች ተደምረው በመጨረሻው መጋጠሚያ ላይ የ4 ዲግሪ ክፍተት ይፈጥራሉ። 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ጣውላ የመጋጠሚያው መስመር 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ ክፍተቱ በሰፊው ጫፍ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል። ይህን ደግሞ ኮላም ሚስማርም አይሸፍነውም። በመሆኑም ከሞተሩ ጉልበት በፊት መታየት ያለበት የመሣሪያው ትክክለኛነት ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። መጋዙን በ90 ዲግሪ አቁመን ጠርዙ ቀጥ ያለ ሰፊ ጣውላ እንቆርጣለን፤ ከዚያም አንደኛውን ቁራጭ ገልብጠን ከሌላው ጋር እናጋጥማለን። ጠርዞቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ እያሉ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ፣ የምናየው የእውነተኛው ስሕተት እጥፍ ነው። ለ45 ዲግሪ ሁለት ቁራጮችን አጋጥመን በስኳድራ እንለካለን። ይህን ፈተና ከመግዛት በፊት በሱቁ ማድረግ ይመረጣል።

ቦታውን የሚወስነው ምንድን ነው?

መጋዞቹ በሁለት ዋና ዓይነት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወደ ታች ብቻ የሚወርደው ነው። ዲስኩ 254 ሚሊ ሜትር ከሆነ በቀጥታ 14 ሳንቲ ሜትር፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ይቆርጣል። ሁለተኛው በሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ሲሆን፣ 216 ሚሊ ሜትር በሆነ አነስተኛ ዲስክ እንኳ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ሊቆርጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በብዙዎቹ ተንሸራታቾች ሐዲዱ ወደ ኋላ ስለሚወጣ ከመጋዙ በስተጀርባ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ተጨማሪ ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ሐዲዳቸው ከፊት የተተከለ ወይም እንደ ክርን በሚታጠፍ ክንድ የሚሠሩ ዓይነቶች ግድግዳ ተጠግተው ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ያለ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ይበልጣል?» ሳይሆን «እኛ የምንቆርጠው ምንድን ነው?» የሚል መሆን አለበት። ሥራችን ሞራሌ፣ የኮርኒስ ጠርዝና የመስኮት ፍሬም ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ይበቃል። ከዋንዛ ጣውላ ሰፊ መደርደሪያ የምንሠራ ከሆነ ግን ተንሸራታቹ ያስፈልጋል።

ከጥልቀቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጎን ርዝመት ነው። 4 ሜትር ሞራሌን ከመካከሉ ለመቁረጥ በግራም በቀኝም 2 ሜትር ያስፈልጋል። መጋዙ ከበሩ ወይም ከመስኮቱ ትይዩ ከተቀመጠ እንጨቱ ወደ ውጭ ሊወጣ ስለሚችል ጠባቡ ክፍል በተግባር ይሰፋል።

ኤሌክትሪክና ከፍታ

1,800 ዋት የሚወስድ መጋዝ በ220 ቮልት 8 አምፔር ያህል ይስባል። ይህ መጠን በቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽን ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ሞተሩም በጭነት ጊዜ ይዳከማል፣ ይግላል። ገመዱ አጭርና ወፍራም ሊሆን ይገባል።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ በመሆኗ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ 20 በመቶ ያህል ያንሳል፤ በደባርቅ ደግሞ ልዩነቱ ወደ 25 በመቶ ይጠጋል። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በነፋሻው የሚሳበው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ እንደ ደረቅ ባሕር ዛፍ ያለውን ጠንካራ እንጨት ደጋግመን ስንቆርጥ ሞተሩን በየመካከሉ ማሳረፍ ይገባል።

መጋዙ የማይጠየቅበት ስሕተት

በክረምት በትክክል የተገጠመ ፍሬም በበጋ ሲከፈት ብዙዎች መጋዙን ይወቅሳሉ። እንጨት ሲደርቅ የሚኮማተረው በአብዛኛው በስፋቱ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ስፋቱ ሲቀንስ 45 ዲግሪ የነበረው ጫፍ ከ45 በታች ይሆንና መጋጠሚያው ከውስጥ በኩል ይከፈታል። መፍትሔው ጣውላውን ከመቁረጥ በፊት በጥላና አየር በሚያገኝ ቦታ ደርድሮ ማድረቅ ነው።

ጥንቃቄ

254 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሶቹ ፍጥነት በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። በጠባብ ክፍል ውስጥ መሸሻ ስለሌለ የሚከተሉት ሊዘነጉ አይገባም፦

1. እጅ ከዲስኩ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ አጭር ቁራጭ በማሰሪያ እንጂ በጣት አይያዝ።
2. ነጠላ፣ ጋቢ ወይም የተንዠረገገ እጅጌ ለብሶ አይሠራ፤ የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረግ።
3. ዲስኩ ፈጽሞ ሳይቆም ክንዱ አይነሣ።
4. መብራት ሲሄድ ማብሪያው ተለቆ ሶኬቱ ይነቀል፤ ተመልሶ ሲመጣ መጋዙ በድንገት ሊነሣ ይችላልና።
5. ደቃቁ ሳጋቱራ ወደ ሳንባ እንዳይገባ መከላከያ ጭምብል ይደረግ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን በ1995 እ.ኤ.አ. ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል።

በአጠቃላይ፣ ገዥው ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ሦስት ነገሮችን በሜትር ለክቶ በወረቀት ይያዝ፦ የሚቆርጠውን ሰፊውን ጣውላ፣ የክፍሉን ጥልቀትና በግራ ቀኝ ያለውን ርዝመት። ከእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ጋር የማይስማማ መጋዝ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚያ ክፍል የተሠራ አይደለም።