ተጨማሪ መረጃ፦ ያለ እቶን የሚቃጠል ሸክላ

በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው የገጠር ገበያዎች የሚሸጡት እንስራ፣ ድስት፣ ጀበናና ምጣድ በአብዛኛው የሴቶች እጅ ሥራ ናቸው። ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የሚሽከረከር መሥሪያም ሆነ የተገነባ እቶን አይጠይቅም።

ሸክላ ሠሪዋ ጭቃውን ስታቦካ የተፈጨ ገል ወይም አሸዋ ትቀላቅልበታለች፤ ይህም ዕቃው ሲደርቅና ሲቃጠል እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። ቅርጹ ከወጣ በኋላ ገጹ በለስላሳ ጠጠር ይታሻል፤ ከዚያ ጥላ ውስጥ ይደርቃል። እዚህ ላይ መቸኮል ያስከፍላል፦ ውስጡ የቀረው እርጥበት እሳት ሲያገኘው ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ዕቃውን ያፈነዳዋል።

የሚቃጠለው ሜዳ ላይ ነው። ዕቃዎቹ በእንጨት ላይ ተደርድረው በኩበትና በገለባ ይሸፈናሉ። ሙቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ጀበናው እንደጋለ ገለባ ወይም ቅጠል ውስጥ ከተቀበረ ጭሱ ያጠቁረዋል። አዲስ ምጣድ ደግሞ በጎመን ዘር ካልተሟሸ እንጀራው ይጣበቅበታል።

ለማነጻጸር ያህል፣ በጃፓን፣ ቢዘን በተባለው የሸክላ አገር፣ የጥድ እንጨት የሚነድበት እቶን ከ1,200 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ እሳቱም ለቀናት አይጠፋም። አመዱ ዕቃው ላይ አርፎ ይቀልጥና እንደ መስታወት ይሸፍነዋል። የቢዘን ዕቃ ውሃ እምብዛም አያሳልፍም። የእኛ እንስራ ግን ያልበዋል፤ ውሃውን የሚያቀዘቅዘውም ይኸው ላብ ሲተን ነው።

ሸክላ ሠሪዎች ግን በሙያቸው ይሰደቡ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ዕድሜ አገኘ።