ያሾፍንበት ሰው ሐቅ አለው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

በዛሬው ዝግጅታችን የምናነሳው ጉዳይ በየቤታችን በሹክሹክታ እንጂ በግልጽ የማይወራ ነው። ወንድነታቸው ወይም ሴትነታቸው በአካላቸው ላይ ሳይለይ ስለተወለዱ፣ እንዲሁም አካላቸው ተለይቶ ሳለ ጠባያቸውና ስሜታቸው ከአካላቸው ስለተለየባቸው ሰዎች እንነጋገራለን። ብዙዎቻችን ስለነዚህ ሰዎች የምናውቀው ስድቡን ብቻ ነው። «ፍናፍንት»፣ «ወንዳገረድ»፣ «ሴታሴት» የሚሉትን ቃላት ትንንሽ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቋቸዋል። ሸሪዓችን ስለነርሱ የደነገገውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

አንዳንድ አባቶች «ይህን በሬድዮ ማውራት ነውር ነው፤ ዝም ማለት ይሻላል» ይሉናል። ሐያእ ከኢማን መሆኑን እናምናለን። ይሁንና የፊቅህ ሊቃውንት በኪታቦቻቸው ለኹንሳ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ከፍተው ውዱኡን፣ ሶላቱን፣ ኒካሑን፣ ሚራሱንና ጀናዛውን አንድ በአንድ ተንትነዋል። እነርሱ ሊያስተምሩት ያላፈሩበትን እኛ ልንደብቀው አይገባም። በዝምታችን ምክንያት ሐቁን ያጣ ሰው አለ፤ ሕይወቱን ያጣ ሕፃንም ይኖራል።

ነገሩ እንዳይምታታ መጀመሪያ እንለየው። ኹንሳ የሚባለው በአካሉ ላይ የወንድም የሴትም ምልክት ያለበት ወይም አንዱም በግልጽ የማይታይበት ሰው ነው። ምልክቶቹ ተመዝነው ወደ አንዱ ካደሉ ሊቃውንቱ የዚያኑ ብይን ይሰጡታል። ሊለይ ካልቻለ «ኹንሳ ሙሽኪል» ይሉታል። ሙኸነስ የሚባለው ደግሞ አካሉ የወንድ ሆኖ አነጋገሩ፣ አረማመዱና ጠባዩ የሴት የሆነ ሰው ነው። በዘመናችን «ትራንስጀንደር» የሚለው ቃል የሚገልጸው በውስጣቸው የሚሰማቸው ጾታ ሲወለዱ ከተነገረላቸው የተለየባቸውን ሰዎች ነው። ሦስቱ አንዳንዴ ይቀራረባሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ሕዝባችን ሦስቱንም በአንድ ስድብ ጠቅልሎ ይጠራል፤ ስሕተቱም ከዚያ ይጀምራል።

በኹንሳ እንጀምር። ከኢስላም በፊት በጃሂልያ ዘመን ዓሚር ኢብኑ ዘሪብ የሚባል የዐረቦች ዳኛ ነበር። የአንድ ኹንሳ ውርስ ጉዳይ ቀርቦለት መፍትሔ ስላጣ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳው። ሱኸይላ የምትባል አገልጋዩ ሰውየው ሽንቱን በሚሸናበት በኩል እንዲፈርድ መከረችው፤ እርሱም እንዲሁ ፈረደ። ታሪኩን የነቢዩ ሲራ ጸሐፊዎች አስፍረውታል። ሰይዲና ዐሊይም (ረ.ዐ.) ለኹንሳ ሚራስ ያንኑ መለያ እንደተጠቀሙ ተዘግቧል። ልብ እንበል፤ ወሕይ ያልደረሰው የጃሂልያ ዳኛ እንኳ በአንድ ኹንሳ ሐቅ ምክንያት እንቅልፍ አጥቶ አድሯል። ዛሬ ቁርኣን በእጃችን ይዘን ያንኑ ሐቅ ቆርጠን ተኝተን የምናድር ስንት ነን?

የሚራሱን ጉዳይ በቁጥር እንየው። አንድ አባት 120,000 ብር ትቶ ሞተ፤ ወራሾቹም አንድ ወንድ ልጅና አንድ ኹንሳ ሙሽኪል ልጅ ብቻ ናቸው እንበል። ኹንሳው ወንድ ቢሆን 60,000፣ ሴት ቢሆን 40,000 ብር ይደርሰው ነበር። በሐነፊያ መዝሀብ ከሁለቱ የሚያንሰው 40,000 ይሰጠዋል፤ ወንድሙ 80,000 ይወስዳል። በማሊኪያ መዝሀብ የሁለቱ አማካይ የሆነው 50,000 ለኹንሳው፣ 70,000 ለወንድሙ ይሆናል። በሻፊዒያ መዝሀብ ለእያንዳንዳቸው እርግጠኛ የሆነው ብቻ ይሰጣል። ለኹንሳው 40,000፣ ለወንድሙ 60,000 ተሰጥቶ ቀሪው 20,000 ጉዳዩ እስኪለይ ወይም ሁለቱ እስኪስማሙ ተይዞ ይቆያል። ሊቃውንቱ በስሌቱ ተለያይተዋል፤ «ምንም አይድረሰው» ያለ ግን ከመካከላቸው አንድም የለም።

በመስጂድም ቦታው የታወቀ ነው። የፊቅህ ኪታቦች የሰልፉን ቅደም ተከተል ሲዘረዝሩ ኹንሳን ከወንዶች በኋላ፣ ከሴቶች በፊት ያቆሙታል። በሞተ ጊዜም ጀናዛው እንዴት እንደሚዘጋጅ ተጽፎለታል። በሐነፊያ መዝሀብ በትጥበት ፈንታ ተየሙም ይደረግለታል፤ እንደ ሴት በአምስት ጨርቅ ይከፈናል። ሰልፍ የተመደበለትንና ከፈኑ የተቆጠረለትን ሰው ከጀመዓ የሚያባርር ሰው ማስረጃውን ከየት አመጣው?

ቀጥለን ወላጆች ሊያውቁት የሚገባ የጤና ጉዳይ አለ። አንድ ሕፃን ብልቱ ሳይለይ ሲወለድ ብዙ ቤተሰብ ልጁን ከጎረቤት ሰውሮ ያሳድጋል። ይህ መደበቅ ሊገድል ይችላል። ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል የሚባሉት ዕጢዎች ሲታወኩ በውስጥ አካሏ ሙሉ ሴት የሆነች ሕፃን በውጭ ወንድ መስላ ልትወለድ ትችላለች። ይህ ሕመም ከ10,000 እስከ 20,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚደርስ ሐኪሞች ይገምታሉ። ከእናትም ከአባትም በዘር የሚመጣ ስለሆነ የሥጋ ዘመዳሞች በሚጋቡበት ቤተሰብ የመከሰት ዕድሉ ይጨምራል። በከባዱ ዓይነት ሰውነት ጨው መያዝ ያቅተዋል። ሕፃኑ ከተወለደ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያስመልሰዋል፣ ይዝላል፣ ፈሳሹ ያልቃል፤ ካልታከመም ይሞታል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን በየቀኑ በሚወሰድ መድኃኒት ያድጋል። ስለዚህ አዋላጇ «አልለየሁትም» ያለችው ሕፃን በዚያው ሳምንት ሆስፒታል መድረስ አለበት።

ሌላም አለ። የሽንት መውጫው ከብልቱ ጫፍ ላይ ሳይሆን ከሥር በኩል የሆነ ወንድ ልጅ ቀዶ ሐኪም ሳያየው መገረዝ የለበትም። በግርዛት የሚወገደው ቆዳ መውጫውን ለማስተካከል ለሐኪሙ ያስፈልገዋል። ወላጅ «ሱናው ዘገየ» ብሎ ቸኩሎ ካስገረዘው የልጁን ሕክምና ያከብድበታል። ባልተለየ ብልት ላይ ምላጭ ማሳረፍማ ፈጽሞ አይገባም። የማይመለስ ቀዶ ሕክምናም ቢሆን በችኮላ የሚወሰን አይደለም። ምርመራው ተጠናቆ፣ ከአንድ በላይ ሐኪም ተማክሮበት፣ ዓሊም ተጠይቆበት ሊሆን ይገባል።

ወደ ሁለተኛው ወገን እንለፍ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆን ብለው ሴቶችን የሚመስሉ ወንዶችንና ወንዶችን የሚመስሉ ሴቶችን ማውገዛቸው ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ የታወቀ ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ቃሉን አንስቶ አነጋገሩ የላላ ጎረቤቱን ሊሰድብበት ይቸኩላል። ኢማም ነወዊ ግን ሶሒሕ ሙስሊምን ሲያብራሩ ሁለቱን ለይተዋል። ጠባዩ፣ ድምፁና እንቅስቃሴው ከፍጥረቱ እንዲያ የሆነና ሆን ብሎ ያላመጣው ሰው ወቀሳም ኃጢአትም የለበትም፤ ባልሠራው ነገር ይቅርታ የሚደረግለት ነው ይላሉ። ውግዘቱ የሚመለከተው አስመስሎ የሚያደርገውን ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስም እጅና እግሩን ሒና የተቀባ ሙኸነስ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀርቦ ከመዲና ወጣ ወዳለ ስፍራ እንዲሄድ ተደረገ። ሰሓቦች «እንግደለውን?» ብለው ሲጠይቁ ግን የሚሰግድን ሰው መግደል መከልከላቸውን ነገሯቸው። ድርጊቱን ያልተቀበሉለት ሰው እንኳ ነፍሱ ተጠብቃለታለች።

ይህ ሁሉ በኪታብ ተጽፎ እያለ የሕዝብ አመለካከት ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ለማየት የፓኪስታንን ልምድ እንመልከት። በዚያ አገር «ሂጅራ» ወይም «ኸዋጃ ሲራ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ከመካከላቸው ኹንሳ ሆነው የተወለዱ ይገኛሉ፤ አካላቸው የወንድ ሆኖ እንደ ሴት የሚኖሩም አሉ። በሙጋል ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥት ሹመት የነበራቸው ነበሩ። የእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች እ.ኤ.አ. በ1871 ባወጡት ሕግ ግን በመዝገብ እንዲያዙ፣ የሴት ልብስ ለብሰው አደባባይ ላይ እንዳይታዩ፣ የልጅ አሳዳጊ እንዳይሆኑና እንዳይናዘዙ ተደረገ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ቤት ተባርረው በሠርግ ቤት ጭፈራና በልመና ይኖሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2009 ዶክተር ሙሐመድ አስለም ኻኪ የተባሉ የሸሪዓ ሕግ አዋቂ ጉዳያቸውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቀረቡ። ፍርድ ቤቱም እንደማንኛውም ዜጋ መብት እንዳላቸው ወሰነ፤ የውርስ ድርሻቸው እንዲከበርና መታወቂያ እንዲሰጣቸውም አዘዘ። እ.ኤ.አ. በ2017 አገሪቱ በሕዝብ ቆጠራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻ ስትቆጥራቸው በመጀመሪያው ውጤት 10,418 ተመዘገቡ።

የሕዝቡ ልብ ግን እንደ ፍርድ ቤቱ አልፈጠነም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በፔሻወር ከተማ በጥይት የተመታች የዚህ ማኅበረሰብ አባል ሆስፒታል ደርሳ ሳለ «ወንዶች ክፍል ትግባ ወይስ ሴቶች ክፍል?» በሚል ክርክር ሕክምናዋ እንደዘገየ ጓደኞቿ ተናግረዋል፤ ከቀናት በኋላም ሞተች። በቀጣዩ ወር በላሆር ወደ 50 የሚሆኑ ዑለሞች ፈትዋ አወጡ። እነዚህን ሰዎች ከውርስ መንቀል ሐራም ነው፣ እንዲህ የሚያደርጉ ወላጆች የአላህን ቁጣ ይጠራሉ፣ በነርሱ ላይ መሳለቅ ሐራም ነው፣ ሲሞቱም እንደማንኛውም ሙስሊም ሊቀበሩ ይገባል አሉ። የወንድ ወይም የሴት ምልክቱ የለየለት ከተቃራኒው ጋር ማግባት እንደሚችል፣ ሁለቱም ምልክት ያለበት ግን እንደማይችል ጨመሩ።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የፓኪስታን ሕግ ማንኛውም ሰው በውስጡ በሚሰማው ጾታ መመዝገብ እንዲችል ፈቀደ። ደጋፊዎቹ ሰው በሐኪም ምርመራ ሳይዋረድ መታወቂያ እንዲያገኝ ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ የሚራስና የኒካሕ ድንጋጌዎችን ያፈርሳል አሉ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 እነዚህን አንቀጾች ከሸሪዓ ጋር የሚቃረኑ ናቸው ብሎ ወሰነ፤ በውሳኔው ላይም ይግባኝ ተጠየቀ። ያው ፍርድ ቤት ኹንሳዎችና መሰሎቻቸው በሕገ መንግሥቱ የተሰጡት መሠረታዊ መብቶች ሁሉ እንዳሏቸው በዚያው ውሳኔ ገልጿል።

የሊቃውንቱን አቋም በአጭሩ እናስቀምጥ። በመካ የሚገኘው የዓለም ሙስሊሞች ሊግ የፊቅህ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ወንድነቱ ወይም ሴትነቱ የተሟላ ሰው ወደ ሌላው እንዲለወጥ ማድረግ አይፈቀድም፤ የሁለቱም ምልክት ያለበት ሰው ግን ወደሚያደላበት በቀዶ ሕክምና ወይም በመድኃኒት ሊስተካከል ይችላል፤ ይህም ሕክምና እንጂ ፍጥረትን መለወጥ አይደለም ብሏል። በኢራን ደግሞ አያቱላህ ኹመይኒ በ1980ዎቹ በሰጡት ፈትዋ ሐኪም ሲያረጋግጥ ለውጡን ፈቅደዋል። የኛ ሱኒ ዑለሞች አብዛኛዎቹ ይህን አይቀበሉም፤ እኛም የጉባኤውን አቋም እንከተላለን። ነገር ግን አንድን ድርጊት አለመቀበል አንድ ነገር ነው፤ ሰውን መደብደብ፣ ከቤት ማባረር፣ ሚራሱን መብላት፣ ጀናዛውን መተው ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ፈቃድ የሰጠ መዝሀብ የለም።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ ጉዳይ ወደ ቤታችን ሲመጣ ምን እናድርግ? እናት ሆይ፣ የልጅሽ አካል ካልተለየ የአንቺ ጥፋት አይደለም፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ አትፈሪ። አባት ሆይ፣ ልጅህ በዚህ ምክንያት «ዐይኔ አይይህ» ሊባል አይገባውም። ባልለየለት ልጅ ምክንያት እናቱን መፍታት ወይም መውቀስ በደል ነው። ወንድሞች ሆይ፣ ውርስ ስትካፈሉ «እርሱ ምን ያደርግለታል?» አትበሉ፤ ወደ ቃዲ ቅረቡና ድርሻው ይሰላለት። የመድረሳ አስተማሪዎች ሆይ፣ ድምፁ የቀጠነ ወይም አረማመዱ የተለየ ልጅ በክፍላችሁ ሲሾፍበት ዝም አትበሉ። ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛው አንቀጽ መሳለቅንና በመጥፎ ስም መጠራራትን ከልክሏል፤ ምናልባት የተሳለቁበት ከተሳላቂዎቹ ይበልጥ ይሆናልና። አንቀጹ ማንንም ለይቶ አላስቀረም።

እኛ ኢማሞችም ድርሻ አለብን። በስሜቱ ወይም በአካሉ ግራ የተጋባ ወጣት ሊጠይቀን ሲመጣ ከፊት ለፊቱ ያለው ሰው ምስጢሩን የሚጠብቅና የሚያደምጠው መሆኑን ካላወቀ ተመልሶ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2020 በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ ለሂጅራዎች መድረሳ ተከፍቶ ወደ 150 ለሚሆኑ ተማሪዎች ቁርኣን ማስተማር ጀምሯል። ከመካከላቸው በመስጂድ በር ማለፍ ያልተፈቀደላቸው ነበሩ። ቁርኣን መማር የሚፈልግን ሰው በር ዘግቶ የመለሰ የዚያን ሰው ጥያቄ በቂያማ ቀን ይመልስ።

አላህ ዕውቀታችንን ያስፋልን፣ ምላሳችንን ከሰው ክብር ይጠብቅልን፣ የወገኖቻችንን ሐቅ ከመብላት ያርቀን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።